መብራቷን የሚያጠፋ እጅ

ደባርቅ ላይ ሹፌር ያርጋልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ገና ያልተጠረጠረ ሰው ነው። ያርጋል ነዳጅ ሲያስቀዳ ከቀጂው እጅ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ጎማ ሲያስነፋ ነፊው ዘወር እስኪል ጠብቆ ጎማውን በጫማው ጫፍ ይመታና ድምፁን ያዳምጣል። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲገዛ ከላይ ያለውን ትቶ ከሥር ይመዝዛል፤ «ከላይ ያለው ለእኔ ተብሎ የተደረደረ ነው» ይላል። ቤቱ ገብቶ ወጥ ሲቀርብለት እንኳ አንዴ ቀምሶ ቀና ይልና፣ «ዛሬ ጨው ያበዛሽው በደህና ነው?» ብሎ ባለቤቱን ወርቄን ይጠይቃታል።

«ከጎረቤት ጋር መክረንበት ነው» ትለዋለች ወርቄ፣ ውሃውን እያቀረበችለት።

ይህ ጠባይ አብሮት የተወለደ አይደለም። መንገድ ያስተማረው ነው። ያኔ በወጣትነቱ መኪና እንደ ሰው በስሙ የሚጠራበት፣ ሹፌር መንደር ሲገባ እንደ ሙሽራ የሚታይበት ደግ ዘመን ነበር። ያርጋል በሊማሊሞ መንገድ ላይ በረዳትነት ጀምሮ፣ በየጠመዝማዛው እየዘለለ ወርዶ ከጎማ ሥር ታኮ ሲያስገባ ኖሮ፣ በኋላ ራሱ መሪ ጨበጠ። ያንን ገደል ሽቅብም ቁልቁልም ተመላለሰበት፤ ጸጉሩም እዚያው ሸበተ። ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ፍሬኑን አምኖ አይወርድም። ከላይ ደህና የነበረ ፍሬን ግማሽ መንገድ ላይ ግሎ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ያርጋል የሚያምነው ማርሹን ብቻ ነበር። ቀኝ እጁ ከማርሹ ዘንግ አይለይም። የማርሽ ሳጥኑን፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ጉርምርምታ በመዳፉ እየሰማ፣ አሁን ደህና ናቸው፣ አሁን ከፍቷቸዋል ብሎ ይለይ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው፣ በስተርጅናው በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የሌላት መኪና ላይ ያስቀመጡት።

መኪናዋ የዳባት ዘር ድንች አባዢዎች ማኅበር ንብረት ናት። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ከነተጎታቿ ለማኅበሩ የተዋት፣ ሁለት ጋቢና ያላት አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። ከዳባት መጋዘን ዘር ድንች ጭና ደባርቅ ታደርሳለች፤ ከዚያም ሽቅብ፣ በሳንቃ በርና በጃናሞራ አቅጣጫ ለሚኖሩት ገበሬዎች ታድላለች። ከያርጋል በፊት የነበረው ሹፌር ተጎታቹን አስሮ ዳገቱን ሲያስጋልባት ካምቢዮዋ ተቃጥሎ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ፣ ክረምቱን ሙሉ ዶሮ ሲያድርባት ከርማ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ ከጎንደር ሌላ ካምቢዮ ተገዝቶ ገባላት።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቄስ ወልደ ገብርኤል ቁልፉን ለያርጋል ሲሰጡ እንዲህ አሉት፦ «ስማኝ ያርጋል። ይህኛውም ካምቢዮ ከተቃጠለ ሌላ የምንገዛበት አቅም የለንም። መኪናዋን ለቆራሌው ነው የምንሰጣት።»

«እኔንስ አባ? አብረው ይሰጡኛል?»

«አንተንማ ቆራሌውም አይወስድህ» ብለው ሳቁና፣ ወዲያው ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ግን አስብበት። በዚህ ዕድሜህ ሌላ መኪና አምኖ የሚሰጥህ ማን ነው?»

ይህ ቃል ያርጋልን እንደ እሾህ ወጋው። እውነት ስለሆነ ነው የወጋው። መሪ ከእጁ ከወጣ፣ ጧት ተነሥቶ የሚሄድበት ቦታ የሌለው፣ ጸሐይ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያልፍ የሚቆጥር ሽማግሌ መሆኑ ነው።

«ግራ እግሬን ጡረታ አወጡት» እያለ መንዳት ጀመረ። የመጀመሪያውን ጭነት ደባርቅ አድርሶ ሲቆም ከመኪናዋ ሆድ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ክፉኛ ደነገጠ። ጭነቱ እንደ ወረደ መኪናዋን በቀጥታ ወደ ባርናባስ ጋራዥ ወሰዳት።

ባርናባስ ጎንደር የተማረ የደባርቅ መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘና በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ለያርጋልም አሳየው። እንደ ሮማን ቀይ መሆን የሚገባው ዘይት ወደ ቡናማ ማዘንበል ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ኦቨርድራይቩን ሳታጠፋ ነው እንዴ ተጎታች የምትጎትተው?»

«ምን የሚሉት ነው ደግሞ እሱ?»

ባርናባስ በሩን ከፍቶ የማርሹን ዘንግ አሳየው። ከዘንጉ ራስ ጎን፣ በሹፌሩ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች።

«አራተኛዋ ማርሽ ናት ጋሼ። ለሜዳና ለባዶ መኪና የተሠራች፣ ሞተሩ እያረፈ ጎማው የሚሮጥባት። ጭነት አስረህ ዳገት ስትጀምር ግን አቅም ያጥራታል። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ መልሶ ወደ አራተኛ እየዘለለች ትጨነቃለች። በዘለለች ቁጥር ውስጧ ይፋተጋል፣ ዘይቱ ይግላል፣ መጨረሻው ቃጠሎ ነው። ይቺን ስትጫን አራተኛዋ ትዘጋለች። መኪናዋ በሦስተኛ ረግታ ትጎትታለች። ዳገቱ ከጠናብህ ደግሞ ዘንጉን ወደ ሁለት ታወርደዋለህ። ቁልቁለት ላይም እንደዚያው፤ ማርሹ ይይዝልሃል፣ ፍሬንህ አይግልም።»

ቁልፏን ተጫናት። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትል ቢጫ መብራት ቦግ አለች።

ያርጋል ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «መብራት በራ።»

«አዎ።»

«ዳሽቦርድ ላይ ለደግ የበራ መብራት ዓይቼ አላውቅም።»

«ይቺ ለደግ የበራች ናት።»

«ኦፍ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ከጠፋ ለምን ይበራል?»

ባርናባስ መብራቷን በጣቱ ነካ አደረገ። «መጥፋቱ ነው… መጥፋቱ ነው የሚበራው።»

«አየህ» አለ ያርጋል። «ለራስህም አልገባህም።»

በልቡ ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። መካኒክ የሚበላው መኪና ሲሰበር ነው። ታዲያ መኪና እንዳይሰበር የሚመክር መካኒክ ምን ፈልጎ ነው? ቢሆንም የሊማሊሞ ሰው ነውና ነገሩን በመዳፉ ሳይፈትን አልተወም። በማግሥቱ ጭነቱን አስሮ፣ ቁልፏን ተጭኖ፣ ዳገቱን ያዘው። መኪናዋ እንደ ትናንቱ አልተወራጨችም። ሞተሩ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ ልክ እንደዚያ ዘመን ሦስተኛ ማርሽ፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣው። ያርጋል ደስ አለው። ቁልፏን አመናት። ባርናባስን ግን አላመነም።

ብዙም ሳይቆይ መብራቷ በራሷ መጥፋት ጀመረች።

ከዳባት ሲነሣ አብርቷት ይነሣል። መሀል መንገድ ላይ ወቅን አካባቢ መኪናዋ መወራጨት ስትጀምር ዳሽቦርዱን ያያል፤ መብራቷ የለችም። ተጭኖ ይመልሳታል። ሌላ ቀን ደግሞ ደባርቅ መግቢያ ላይ ትጠፋለች። አንዳንዴም ጠፍታ ሳይነካት ተመልሳ ትበራለች። ቡናማው ዘይት ደግሞ ከሳምንት ሳምንት እየጠቆረ ሄደ።

ወደ ባርናባስ ተመለሰ። «ሽቦ ውስጥ ያደረግከው ነገር አለ» አለው ገና ሳይወርድ።

ባርናባስ ሽቦውን እየነቀለ እየሰካ መረመረ። «ሽቦው ደህና ነው ጋሼ። ይቺን የሚያጠፋት ሰው ነው።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አብሮህ የሚሄደው ማን ነው?»

አብራው የምትሄደው የትናየት ናት። የትናየት የማኅበሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስትሆን፣ ዘሩን ለየቀበሌው ተወካይ በእጇ የምታስረክበው እሷ ናት። ቆፍጣና ሴት ናት፤ ከጎኑ ትቀመጥና ቆሎዋን ነጠላዋ ሥር ይዛ እየቆረጠመች ትሄዳለች። እጇ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። የማርሹ ዘንግ ደግሞ በሁለቱ መሀል ነው።

ያርጋል ነገሩን ሰብስቦ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን፣ «አያ ያርጋል፣ ይቺ መብራት እንዲህ ቦግ ብላ ስትውል ባትሪውን አትጨርሰውም?» ብላው አልነበረም? ብላዋለች። ደግሞስ እንዳለው የሚባል፣ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወንድም የላት? አላት። ያ ልጅ የተለማመደው በምን መኪና ነው? በአውቶማቲክ! ካምቢዮው ቢቃጠል ጥፋቱ የሽማግሌው ነው፤ ሽማግሌው ከወረደ ወንበሩ ባዶ ነው። ይህን ሁሉ ካቀናጀ በኋላ ያርጋል እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልታየው ራሱ ገረመው።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከእጇ ላይ አልተነሣም። ጠምዛዛው ላይ መሪውን እያዞረ እንኳ በጎን ያያታል።

«ቆሎ ይፈልጋሉ?» ትለዋለች።

«አልፈልግም።»

«እንዲያ ካፈጠጡበት ልስጥዎ ብዬ ነው።»

በመጨረሻ ቄስ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄደና የልቡን ተናገረ። ቄሱ እየሰሙት ቆዩና፣ «ስትጫነው አይተሃል?» አሉት።

«በዓይኔ አላየሁም። ግን አባ፣ መኪናዋ ውስጥ እኮ ሌላ ሰው የለም።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተ መኪናዋ ውስጥ የለህም?»

ያርጋል ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «የሰው እንጀራ ላይ የሚመጣ ክስ ነው የምትከሳት ያርጋል። እውነት ከሆነ ከሥራ ትወጣለች። ሐሰት ከሆነ ደግሞ የሰው ስም አጥፍተሃልና መሪውን ከእጅህ እንቀበላለን። በዘሩ ርክክብ ዕለት ደባርቅ ላይ የማኅበሩ ኮሚቴ አለ። የጨበጥከውን ይዘህ ና።»

ያርጋል እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚጨበጥ ነገር ሲያሰላስል ቆይቶም አገኘው፤ ግራሶ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ በሳሙና እንኳ ቶሎ የማይለቅ ግራሶ። በርክክቡ ዕለት ጧት፣ የትናየት ከመጋዘኑ ሳትወጣ፣ መጀመሪያ ቁልፏን ተጭኖ መብራቷን አበራና፣ ከላይዋ ግራሶውን በአውራ ጣቱ ልስን አደረጋት። ጣቱን በሱሪው ጠረገ። የሹፌር ጣት መቼ ከቅባት ተለይቶ ያውቃልና ብዙም አልተጨነቀበት። ጭነቱ የኋላውን መስኮት ስለጋረደው የውስጡ መስታወት ለምንም አይጠቅምም ነበር፤ እሱንም ወደ የትናየት ጉልበት አዞረው። ነጩን ጋቢውን ደርቦ ተቀመጠ።

የግንቦት ደመና ከስሜን ጫፎች ላይ እየተንከባለለ ይወርድ ነበር። የዘር ጊዜ ነው። ዝናቡ ከጠና ሽቅቡ መንገድ ይቆረጣል፤ ዘሩም መጋዘን ውስጥ ያበቅላል። ለዚህም ነው ጭነቱ በዚያው ዕለት ደጋው መድረስ የነበረበት።

ከዳባት ወጡ። መንገዱ ላይ ያለችውን ጊዮርጊስን ሲያልፉ ያርጋል ዝግ አለ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አማተበ፣ እጁን መለሰ። ትንሽ እንደ ሄዱ መኪናዋ መወራጨት ጀመረች። ዳሽቦርዱን አየ። መብራቷ የለችም።

«ያዝኩሽ» አለ በልቡ። በመስታወቱ ጉልበቷን አየ፤ እጇ ነጠላዋ ሥር ነው። ምንም አላላትም። ካምቢዮው እንዳይጎዳ ብቻ፣ ለዚሁ ብሎ በያዛት ስንጥር ቁልፏን ወጋ አድርጎ መብራቷን መለሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች የትናየት።

«ጥርሴን ልጎረጉር ብዬ ነው።»

«ጥርስዎ እዚያ ነው እንዴ ያለው?»

ኪዳነ ምሕረትን አለፉ፤ አማተበ። መብራቷ ጠፋች። በስንጥሩ መለሳት። ሚካኤልን አለፉ፤ አማተበ። አሁንም ጠፋች። ያርጋል በድፍረቷ ተደነቀ። በቅዱሳኑ ደጅ ላይ እንኳ አትፈራም! የትናየት በበኩሏ ቆሎዋን መቆርጠም ትታ ፊቱን ትክ ብላ ታየው ጀመር።

«አያ ያርጋል፣ ግንባርዎ…»

«ግንባሬን ተዪው!»

«እሺ፣ ተውኩት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያርጋል ፍርሃት ነው አለ። ወቅን ላይ መንገድ የሚያቋርጡ ሴቶችም ቆመው አዩት። ወሬው እዚህም ደርሷል ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ደባርቅ ደረሱ። በማኅበሩ ግቢ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ የኮሚቴው ሽማግሌዎችና ጫኝ አውራጆች ይጠብቃሉ። ባርናባስም ዘይቱን ሊያይ ተጠርቶ መጥቷል። ያርጋል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ።

«አባ፣ የሚጨበጥ ይዘህ ና ብለውኝ ነበር። ይኸው ይዤ መጣሁ። ቁልፏ ላይ ግራሶ ቀብቻለሁ። መንገድ ላይ የነካት ሰው እጁ ይናገራል።» ወደ የትናየት ዞረ። «እጅሽን አሳዪ!»

የትናየት ከመኪናዋ ወርዳ ያርጋልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ገለበጠቻቸው። መልሳ ዘረጋቻቸው። የቆሎ ጨው እንጂ ሌላ አልነበረባቸውም።

«ጠርገሽ የወረወርሽው ጨርቅ አለ» አለ ያርጋል፣ ድምፁ እየሰለለ።

ከጫኞቹ አንዱ አፉን በክንዱ ይዞ ጎንበስ አለ። ሌላውም ተከተለው። ቄስ ወልደ ገብርኤል ቀረብ ብለው፣ «ያርጋል፣ ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉት።

«ግንባሬ ምን ሆነ?»

«ደረትህ ላይስ?»

ያርጋል ቁልቁል አየ። ነጩ ጋቢው ደረቱ ላይ ጠቁሯል። ግራ ትከሻው ላይ ጠቁሯል። ቀኝ ትከሻው ላይም። ባርናባስ መጥቶ የያርጋልን ቀኝ እጅ ያዘና አውራ ጣቱን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ጋሼ» አለ፣ «ሌባው ተይዟል።»

ያን ጊዜ የፈነዳው ሳቅ ገበያው ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ያርጋል ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወደ መኪናዋ ተመለሰና መሪው ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ግንባሩ ድረስ አንሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ዘንጉ መለሰው። መዳፉ ዘንጉ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ እንደ ድሮው ጭብጥ አደረጉት፤ የካምቢዮ ጥርስ የሚያዳምጥ የሊማሊሞ ሰው አጨባበጥ ነው። አውራ ጣቱም ራሱ ፈልጎ ቁልፏ ላይ ተኛ። ቀጭ! ባማተበበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ቀጭ ሲል ነው የከረመው። ዳሽቦርዱን ሳያይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ሲያልፍ ደግሞ በመጀመሪያው ያጠፋትን በሁለተኛው መልሶ አብርቷታል።

«ስንት ዘመን ነው እጄ ይህን ሲያደርግ የኖረው» አለ ለራሱ። «ያን ጊዜ ግን ቁልፍ አልነበረም።»

የትናየት በሩ ላይ መጥታ ቆማ ነበር። «እኔ እኮ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «አያ ያርጋል በስተርጅና ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልነሣ ያለው ምን አስበው ነው እያልኩ እፈራ ነበር! ለወርቄ ልነግራት ሁለቴ ተነሥቼ ነው የተቀመጥኩት።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ ግን ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ሳቁን ተዉትና ነገሩን እንያዝ። መኪናዋስ?»

ባርናባስ ዘይቱን በጨርቁ ጠረገ፣ አሸተተ። «ጠቁሯል፤ ግን ገና አልሞተም። አሁኑኑ እቀይርላችኋለሁ። ከዚህ በኋላ መብራቷ ጠፍታ አንድ ዳገት ከጎተተች ግን ጠግንልን ብላችሁ ወደ እኔ አታምጧት። ከፈለጋችሁ ቁልፏን በጎማ ሸፍኜ ላሥራት።»

«አይሆንም» አለ ያርጋል ከውስጥ ሆኖ። «ባዶ ስመለስ ሜዳው ላይ እፈልጋታለሁ። የተሸፈነ ነገር ደግሞ አላምንም።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ወደ የትናየት ዞሩ። «የተከሰስሽው አንቺ ነሽ። ውሳኔው ምን እንደ ነበረ እሱም ያውቃል። መሪውን ተቀብለን ለወንድምሽ ለእንዳለው እንስጠው? ዘሩ ዛሬ ሽቅብ መውጣት አለበት።»

ያርጋል የመኪናዋን ቁልፍ ነቅሎ በመዳፉ ይዞ ይጠብቅ ነበር።

የትናየት ደመናውን አየች። ጭነቱን አየች። «እንዳለው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ልጅ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው፤ እወደዋለሁ። ዘሩን ግን ለእሱ አልሰጥም። አያ ያርጋል ይንዱ። እጃቸውን እኔ እጠብቃለሁ፤ ተራዬ ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ ያርጋል ግንባሩን በሳሙና ሲፈገፍግ ቆየ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልለቀቀለትም።

ከቀትር በኋላ ሽቅቡን ያዙ። የጠጠሩ መንገድ ከከተማዋ ወጥቶ በእርሻው መሀል እየተጥመዘመዘ ወደ ደጋው ይወጣል። ያርጋል መብራቷን አብርቶ፣ ዳገቱ ሲጠና ዘንጉን ወደ ሁለት አውርዶ፣ ሳይቸኩል ይነዳል። ሜዳ ባገኘ ጊዜ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘንጉን ከማርሽ አውጥቶ ዘይቱ እስኪበርድ ያሳርፋታል። ያርጋል «ይቅር በይኝ» ለማለት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ መጥበብ ተናግሮ ተወው። የትናየት «አዎ፣ ጠቧል» ብላ መለሰችለት። ቆሎም ሰጠችው፤ አየት አድርጎ ተቀበላት።

አንዱን ጠምዛዛ ሲጨርሱ ከፊታቸው ኮረብታው አናት ላይ፣ በጥድ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለች። ዳገቱ ከሁሉ የከፋው እዚያው ሥር ነው፤ በግራ በኩል ገደል፣ ከኋላ ሙሉ ተጎታች። የያርጋል ቀኝ እጅ ከዘንጉ ላይ ተነሣ።

«አያ ያርጋል!»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ሳያማትብ ሊያልፍ ነው? በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። በግራ እጅ ደግሞ አይማተብም። ካማተበ ያ ጣት የሚያርፍበትን ያውቃል፤ ዛሬ አይቶታልና። መኪናዋ ዳገቱን ጥርሷን ነክሳ ትገፋለች፤ ቢጫዋ መብራት እንደ በራች ናት።

ያርጋል እጁን ቀስ ብሎ መሪው ላይ አወረደውና በሁለት እጁ ጨበጠ።

«የትናየት።»

«አቤት?»

«አንቺ አማትቢልኝ።»

ዞራ አየችው። ፊቱ መንገዱ ላይ ነው፤ ላቡ ከግንባሩ እድፍ ጋር ይወርዳል። ይህ ሰው ከላይ የተደረደረ ሽንኩርት አምኖ የማይገዛ ሰው መሆኑን አሰበች። ቆሎዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷን ዝቅ አድርጋ አማተበች። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመች።

ያርጋል በጎን ያያት ነበር።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አላት።

«የእርስዎ።»

«የመጀመሪያውስ?»

«የእኔ ነዋ።»

«ሁለተኛውን አፍጥነሽዋል» አለና፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ መኪናዋን ኮረብታው ጫፍ ላይ አወጣት።